ብርካውና የዕቅድ ደብተሩ፦ የተቀናጀ የስቴም ትምህርት በጅግጅጋና በሰሜናዊ የሶማሌ ክልል ከተሞች

የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሳጥን ቅርጽ ያለውን አካል ይዘት ማስላት ይማራል፤ በአጠቃላይ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ውኃ በፀሐይ ሙቀት እንዴት እንደሚተን ይማራል፤ በሌላ ቀን ደግሞ በኮምፒውተር ወይም በወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ማዘጋጀትን ይለማመዳል። ሦስቱ ትምህርቶች በሦስት ደብተሮች ተጽፈውና በሦስት ፈተናዎች ተመዝነው ሲያበቁ፣ ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ባሉ ቀበሌዎች የሚታየው የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ሦስቱንም በአንድ ጉድጓድ ይዟቸው እንደሚገኝ ለተማሪው የሚያመለክተው ሰው አይኖርም። የተቀናጀ የስቴም ትምህርት እንዲህ የተበታተነውን ዕውቀት በአንድ እውነተኛ ጥያቄ ዙሪያ የሚሰበስብ የማስተማር ዘዴ ሲሆን፣ ለመካከለኛ ደረጃ መምህራን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እገዛም ትምህርቱን አብረው የሚያቅዱበት ጊዜና መንገድ ነው።

ስቴም ምንድን ነው? ቅንጅትስ?

«ስቴም» የሚለው ቃል ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ በእንግሊዝኛ ሲጠሩ ከሚጀምሩባቸው ፊደላት የተወሰደ ነው። ስያሜው በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ወደ ሌላው ዓለም ተዛምቷል። አራቱ መስኮች በአንድ ስም መጠራታቸው ግን በክፍል ውስጥ ተገናኝተዋል ማለት አይደለም፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ስቴም እናስተምራለን የሚሉት አራቱን መስኮች ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ በማስተማር ነውና።

የትምህርት ባለሙያዎች ቅንጅትን እንደ ደረጃ መሰላል ያዩታል። በመጀመሪያው ደረጃ ሁለት መምህራን በአንድ ርዕስ ላይ፣ ለምሳሌ በውኃ ላይ፣ በየክፍለ ጊዜያቸው ለየብቻ ያስተምራሉ፤ ተማሪው ርዕሱ አንድ መሆኑን ከመገንዘብ ያለፈ አያገኝም። በሁለተኛው ደረጃ የአንዱ ትምህርት ውጤት ለሌላው ግብዓት ይሆናል፤ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የተለካው መጠን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ግራፍ ይሆናል። በሦስተኛው ደረጃ ደግሞ መነሻው የትምህርት ዓይነቱ መሆኑ ቀርቶ ከአካባቢው የተገኘ ችግር ይሆንና ተማሪዎች መፍትሔ ለመፈለግ ሲሉ ሒሳቡንም ሳይንሱንም ይጠቀማሉ። ሁሉም ትምህርት ሦስተኛው ደረጃ ላይ እንዲደርስ አይጠበቅም፤ በአንድ መንፈቀ ዓመት አንድ ወይም ሁለት በደንብ የታቀዱ ሥራዎች ቢኖሩ ለጀማሪ ትምህርት ቤት በቂ ነው።

በእነዚህ ደረጃዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ምህንድስና ነው። ለ7ኛ ክፍል ተማሪ ምህንድስና ማለት ማሽን መሥራት ሳይሆን ችግርን በግልጽ ማስቀመጥ፣ በእጅ ባለ ቁሳቁስና በተወሰነ ወጪ መፍትሔ መንደፍ፣ ንድፉን መሞከር፣ የታየውን ጉድለት አርሞ እንደገና መሥራት ማለት ነው። ሳይንስ «ይህ ለምን ይሆናል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ምህንድስና «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሒሳብ ደግሞ ለሁለቱም «ምን ያህል?» የሚለውን ይመልሳል።

የመካከለኛ ደረጃው አዲስ መልክ

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት 7ኛና 8ኛ ክፍል የመጀመሪያ ደረጃ ሁለተኛ እርከን መጨረሻ ሲሆኑ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂም በእነዚህ ክፍሎች ተለያይተው ይሰጡ ነበር። በአዲሱ የትምህርት መዋቅር የመጀመሪያ ደረጃ እስከ 6ኛ ክፍል፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሆኖ ሲደለደል፣ ሦስቱ የሳይንስ ዘርፎች በመካከለኛ ደረጃ አጠቃላይ ሳይንስ በሚል አንድ የትምህርት ዓይነት ተጠቃለዋል። ከዚህ ጋር የሙያና የቴክኒክ ትምህርት በዚህ ደረጃ መካተቱ ለምህንድስናው ሥራ ቀድሞ ያልነበረ ቦታ ከፍቷል።

ይህ ለውጥ በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ግማሹን የቅንጅት ሥራ ሠርቷል ማለት ይቻላል፤ ቀሪው ግማሽ ግን በመምህራኑ ትከሻ ላይ ወድቋል። ለሁለተኛው እርከን የሠለጠኑት ዲፕሎማ መምህራን «ሊኒየር» በሚባለው ሥልጠና፣ ማለትም በአንድ የትምህርት ዓይነት ላይ ብቻ በሚያተኩር አሠለጣጠን ያለፉ በመሆናቸው፣ በባዮሎጂ የተመረቀችው መምህርት ዛሬ ስለ ኃይልና ስለ ኤሌክትሪክ፣ በፊዚክስ የተመረቀው መምህርም ስለ ሕዋስና ስለ ተዋህስያን እንዲያስተምሩ ይጠበቃል። ሁለቱ በአንድ ትምህርት ቤት ካሉ አንዱ የሌላውን ክፍተት መሙላት ይችላሉና፣ አብሮ ማቀድ ለእነዚህ መምህራን የሙያ ስንቅ ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚጠቀስ ልምድም አለ። ከ2011 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ የተካሄደው የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ማጠናከሪያ የሙከራ ፕሮጀክት፣ በአዲስ አበባ፣ በአማራና በኦሮሚያ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል መምህራን ላይ ያተኮረ ነበር። ከኬንያ ተሞክሮ የተወሰደው የፕሮጀክቱ አስተሳሰብ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው ትምህርቱ በተግባር፣ በተማሪው ተሳትፎ፣ በሙከራና ከአካባቢ በሚገኝ ቁሳቁስ እንዲደገፍ የሚያሳስብ ሲሆን፣ ሁለተኛው መምህሩ ማቀድን፣ መተግበርን፣ መገምገምንና ማሻሻልን እንደማይቋረጥ ዑደት እንዲይዛቸው ይጠይቃል። የሶማሌ ክልል በሙከራው ባይካተትም ሐሳቡ ለየትኛውም ክልል ይሠራል።

ጥያቄው ከብርካው ሲነሣ

ብርካ በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ የታወቀ፣ በመሬት ውስጥ ተቆፍሮ ግድግዳው በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ የዝናብ ጎርፍ ማጠራቀሚያ ነው። ወንዝ በሌለባቸውና የከርሰ ምድር ውኃ ጥልቅ በሆነባቸው እንደ ሐርሺን ባሉ ወረዳዎች ሰውና ከብት በደረቁ ወቅት የሚጠጡት ከዚህ ነው። የሶማሌ ክልል ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ ሲቀሩ የደረሰበትን ድርቅ ለሚያስታውስ የ13 ዓመት ልጅ፣ «ይህ ብርካ ስንት ቀን ያዘልቀናል?» የሚለው ጥያቄ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም።

በዚህ ጥያቄ ላይ ትምህርት ለማቀድ መምህራኑ በቅድሚያ የየትምህርት ዓይነታቸውን ዓመታዊ ዕቅድ ጎን ለጎን ዘርግተው የሚገናኙባቸውን ሳምንታት ይፈልጋሉ። በሒሳብ ይዘትና መቶኛ፣ በአጠቃላይ ሳይንስ የቁስ ሁኔታዎች መለዋወጥና የድብልቆች መለያየት በተራራቁ ወራት ተመድበው ከሆነ፣ አንዱን ምዕራፍ ወደ ሌላው ማስጠጋት ቢያስፈልግ እንኳ የሚሰጠው ትምህርት መጠን አይነካም። ቀጥሎ ተማሪዎች በመጨረሻ ምን ሊያሳዩ እንደሚገባ ይወስናሉ፤ ከእንቅስቃሴው በፊት ማስረጃውን መወሰን ማለት ይህ ነው። ለምሳሌ እያንዳንዱ ቡድን ብርካው የሚያዘልቅባቸውን ቀናት በስሌት አስደግፎ እንዲያቀርብና ትነትን የሚቀንስ የክዳን ሞዴል ሠርቶ ውጤቱን በቁጥር እንዲያሳይ ሊጠየቅ ይችላል። ከዚህ በኋላ ብቻ ክፍለ ጊዜያቱ ይደለደላሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሳይንስ 4፣ ለሒሳብ 3፣ ለሙያና ቴክኒክ 2፣ ለኮምፒውተር ትምህርት 1፣ በጠቅላላው ባለ 40 ደቂቃ 10 ክፍለ ጊዜያት ቢመደቡ ሥራው ይጠናቀቃል።

የስሌቱን አካሄድ በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ብርካ ሲሞላ 216 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 216,000 ሊትር ይይዛል። ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ዕርዳታ መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን በትንሹ 15 ሊትር ውኃ እንዲደርስ ስለሚያስቀምጥ፣ ስድስት ስድስት ሰው ያላቸው 30 ቤተሰቦች በቀን 2,700 ሊትር ያስፈልጋቸዋል፤ በዚህም መሠረት ውኃው 80 ቀን ይበቃል። የሒሳብ ክፍለ ጊዜው እዚህ ላይ ቢቆም መልሱ ትክክል ይመስላል፤ ሳይንሱ ሲገባ ግን ስህተቱ ይገለጣል።

ተማሪዎቹ ሁለት ተመሳሳይ ሳፋዎችን እኩል ውኃ ሞልተው አንዱን ገላጣ ፀሐይ ላይ፣ ሌላውን በሾህ አጥርና በኬሻ በተሠራ ጥላ ሥር ያስቀምጡና የሁለቱን ከፍታ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት በማስመሪያ ይለካሉ። ገላጣው ሳፋ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ቢቀንስ፣ የብርካው ገጽ ስፋት 72 ሜትር ካሬ ስለሆነ በየቀኑ 432 ሊትር ውኃ ማንም ሳይጠጣው ይተናል ማለት ነው። ዕለታዊው ወጪ ከ2,700 ወደ 3,132 ሊትር ከፍ ሲል 80 የነበረው ቀን ወደ 69 ይወርዳል። ክዳኑ ትነቱን በግማሽ ቢቀንሰው ደግሞ 74 ቀን ይሆናል። አምስት ቀን ለከተማ ልጅ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ዝናብ በሚጠበቅበት፣ ጂላል በሚባለው ደረቅ ወቅት መጨረሻ ግን የአምስት ቀን ውኃ ከብትን ከሞት ሊያተርፍ እንደሚችል የአርብቶ አደር ልጅ አስረጂ ሳያስፈልገው ያውቃል። ሳፋው ከብርካው ይልቅ ቶሎ ስለሚሞቅ የሁለቱ ትነት እኩል ላይሆን እንደሚችል ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያነሡት ማድረግም የትምህርቱ አካል ነው፤ የሞዴልን ወሰን ማወቅ ሳይንሳዊ አስተሳሰብ ነውና።

ሥራው ከዚህም ሊሰፋ ይችላል። በ1 ሄክታር መሬት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 200 ሜትር ኩብ ውኃ ይወርዳል፤ ከዚህ ውስጥ 30 በመቶው ብቻ ወደ ብርካው ቢደርስ 60 ሜትር ኩብ ይሆናልና ብርካውን ለመሙላት አራት ያህል እንዲህ ያሉ ዝናቦች ያስፈልጋሉ። ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ደለል በመግቢያው ላይ እንዴት እንደሚዘቅጥ፣ በአሸዋና በጠጠር የተጣራ ውኃ ጠርቶ ሳለ ለምን አሁንም ለመጠጥ አስተማማኝ እንደማይሆን፣ ክሎሪን በተዋህስያን ላይ ምን እንደሚሠራ ሁሉ ከዚሁ ጥያቄ ይመዘዛል። ዕቅዱ ግን የጥንቃቄ ሐሳብንም መያዝ አለበት፤ ብርካ ጥልቅ ስለሆነ ተማሪዎች ወደ አፋፉ እንዳይጠጉ፣ ጥልቀቱንም ባለቤቱ ወይም ጠባቂው እንዲለካላቸው፣ በሙከራ የተጣራ ውኃም እንዳይጠጣ በዕቅዱ ላይ በጽሑፍ መስፈር ይገባዋል።

ከከተማ ወደ ከተማ የሚለዋወጥ ጥያቄ

ሰሜናዊው የሶማሌ ክልል አንድ ወጥ ስላልሆነ ጥያቄውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከጂቡቲ ድንበር አቅራቢያ ባለው የሲቲ ዞን፣ በአይሻ የተተከሉት የነፋስ ማማዎች ለተማሪው ከሩቅ ይታያሉ። አይሻ ሁለት የተባለው ጣቢያ እያንዳንዳቸው 2.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 48 ተርባይኖች እንዲኖሩት የተነደፈ በመሆኑ፣ 120 ሜጋ ዋት የሚለው አቅም ከየት እንደመጣ ተማሪው በአንድ ብዜት ይደርስበታል፤ ከዚያም ከካርቶንና ከፕላስቲክ ጠርሙስ መዘውር ሠርቶ የክንፉ ብዛትና ያዘነበለበት ማዕዘን በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚዞረውን ዙር እንዴት እንደሚለውጠው ሊመረምር ይችላል።

በጅግጅጋ ገበያና በቶጎ ውጫሌ የግመል ወተት ንግድ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ያለ ሲሆን፣ ወተቱ የሚያዝበትን ዕቃ በተመረጠ እንጨት ማጠን የቆየ ልማድ ነው። ይህ ለሳይንስ ትምህርት የተዘጋጀ ሙከራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ዓይነት ወተት በታጠነና ባልታጠነ ዕቃ ተቀምጦ በየሁለት ሰዓቱ ሽታውና መርጋቱ ሲመዘገብ፣ ጭስ በተዋህስያን መራባት ላይ ያለው ተጽዕኖ በተማሪው ዓይን ፊት ይታያል። ለሙከራ የዋለው ወተት መጠጣት የለበትም እንጂ፣ ዕውቀቱን ለማስረዳት ወተት ሻጭ እናቶችን ወደ ክፍል መጋበዝ ትምህርቱን ያከብረዋል፤ ተማሪውም የእናቱ ሙያ ከመጽሐፉ ጋር እንደሚዛመድ ያያል።

ቋንቋን በዕቅድ ውስጥ ማስገባት

በክልሉ ብዙ ተማሪዎች በቤታቸው ሶማሊኛ ይናገራሉ፤ ጅግጅጋ ውስጥ አማርኛና ሌሎች ቋንቋዎችም ይሰማሉ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የተቀናጀ ዕቅድ አንድ አጭር የቃላት ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ ትነት በሶማሊኛ «ኡሚባሕ» ሲባል፣ «ኡሚ» ተን ወይም እንፋሎት፣ «ባሕ» ደግሞ መውጣት ማለት ስለሆነ ቃሉ ራሱ ፍቺውን ይዞ ይገኛል። ቃሉ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ በሥራው ሁሉ ከዓይን ካልጠፋ፣ ሐሳቡን ያወቀው ልጅ በቋንቋ ምክንያት ከመናገር አይታገድም።

የአርብቶ አደሩ ኑሮም እንዲሁ በዕቅድ ሊታሰብ ይገባል። በጂላል ከቤተሰቡ ጋር ርቆ የሄደ ተማሪ ሲመለስ እንዲቀጥል፣ እያንዳንዱ የተቀናጀ ሥራ ከሁለት ሳምንት የማይበልጥና ራሱን የቻለ ቢሆን ይመረጣል። ብርካውን ማጥናት በደረቁ ወራት፣ የጎርፍ አሰባሰቡን መለካት ደግሞ በፋፈንና በሲቲ ዞኖች «ዲራ» እና «ካረን» በሚባሉት የዝናብ ወቅቶች ቢሆን፣ የዓመቱ አቆጣጠርና የትምህርቱ ካላንደር ይገናኛሉ።

ዕቅዱን የሚያበላሹ ልማዶች

የተቀናጀ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚከሸፈው በሦስት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ሞዴል መሥራት ብቻውን ግብ ሲሆን ነው፤ ተማሪው ያማረ ክዳን ሠርቶ ስንት ሊትር እንዳተረፈ ካልለካ የእጅ ሥራ እንጂ ሳይንስ አልተማረም። ሁለተኛው ሒሳብ የሳይንሱ ተላላኪ ሲሆን ነው፤ የሒሳብ መምህሩ ተማሪዎቹ ዐውቀውት ያለፉትን ማባዛትና ማካፈል እያስደገመ ከተገኘ የራሱን ክፍለ ጊዜ አባክኗልና፣ ቅንጅቱ ለዚያ ክፍል ደረጃ የተመደበ አዲስ የሒሳብ ይዘት መያዙ መረጋገጥ አለበት። ሦስተኛው የቡድን ሥራ ክፍፍል ነው። ወንዶቹ ሲለኩና ሲገነቡ ልጃገረዶቹ ጸሐፊ ብቻ ከሆኑ፣ በየቀኑ ጄሪካን ተሸክመው ውኃ በመቅዳት ከሁሉ የበለጠ የሚያውቁት ልጆች ድምፃቸው ሳይሰማ ይቀራል። የቡድን ኃላፊነት በየክፍለ ጊዜው እንዲዟዟር በዕቅዱ ላይ መጻፍ ይህን ያርማል።

ምዘናውም በጋራ ሊታሰብበት ይገባል። መምህራኑ አንድ የጋራ የመመዘኛ ሠንጠረዥ አዘጋጅተው ስሌቱን የሒሳቡ፣ የሙከራውን አካሄድ የሳይንሱ፣ ንድፉንና ማሻሻያውን የሙያና ቴክኒኩ መምህር ካረመ፣ እያንዳንዱ ውጤቱን በራሱ የተከታታይ ምዘና መዝገብ ላይ ያሰፍራል። በዚህ መንገድ የተቀናጀ ሥራ ተጨማሪ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ቀድሞ ሊሰጥ የነበረውን የቤት ሥራና ሙከራ ይተካል፤ ለ8ኛ ክፍል ፈተና መዘጋጀት አለብኝ ብሎ የሚሰጋው መምህርም ይዘቱ እንዳልተጓደለ ያያል።

ማን ምን ያግዝ?

የመምህራን ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ መርሐ ግብር እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው ዕድገት እንዲያውል ያዝዛል። ከዚህ ውስጥ 10 ሰዓቱ እንኳ ለጋራ ዕቅድ ቢውል፣ ሦስት መምህራን በዓመት ሁለት ሙሉ የተቀናጁ ሥራዎችን አዘጋጅተው፣ ሞክረውና አሻሽለው ለሌላ ትምህርት ቤት ማውረስ ይችላሉ። አጎራባች ትምህርት ቤቶችን የሚያስተሳስረው የጉድኝት ማዕከልም በየትምህርት ቤቱ የተሞከሩ ዕቅዶች የሚቀመጡበትና የሚለዋወጡበት ቦታ ሊሆን ይገባዋል።

ጅግጅጋ ለዚህ የሚሆን የሰው ኃይል አላት። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲና በዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን ስም የተሰየመው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በከተማዋ ውስጥ ይገኛሉ። ስቴም ፓወር የተባለው ድርጅት ከቢሾፍቱ የጀመረውን ሥራ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር እያስተሳሰረ የስቴም ማዕከላትን ማስፋፋቱም ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከታዳጊዎች ጋር መሥራት እንደሚችሉ አሳይቷል። ይሁንና ማዕከል ለጥቂት ተማሪዎች በሩን ሲከፍት፣ ዕቅድ የሚያውቅ መምህር በየዓመቱ ለመቶዎች ይደርሳል፤ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ መምህራን ወደ ትምህርት ቤቶች ወርደው ከመምህራኑ ጋር ዕቅድ ቢያወጡ፣ ዕጩ መምህራንም የተግባር ልምምዳቸውን በጋራ ዕቅድ ላይ ቢያደርጉ ትርፉ የበለጠ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ግን ቁልፉ በርዕሰ መምህሩ እጅ ነው። የሒሳብ፣ የአጠቃላይ ሳይንስና የሙያና ቴክኒክ መምህራን በሳምንት አንድ የጋራ ክፍት ክፍለ ጊዜ እንዲኖራቸው አድርጎ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ማውጣት በጀት አይጠይቅም፤ ሳፋው፣ ማስመሪያውና ኬሻውም በየትምህርት ቤቱ ወይም በየቤቱ አሉ። በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬም ሆነ በሽንሌ የሚገኝ ርዕሰ መምህር ለመጪው ዓመት ድልድሉን ከማጽደቁ በፊት ሦስቱን መምህራን ሦስት ዓመታዊ ዕቅዶቻቸውን ይዘው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጣቸው። የአካባቢያቸውን ብርካ የያዘው ጥያቄ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ይነሣል።